ዘሩን የሚወነጭፍ አበባ

ሮምን የጎበኘ ሰው አካንቱስን ሳያይ አይመለስም፤ የሚያየው ግን ድንጋይ ላይ ነው። በፓንቴዮን ደጃፍ ከግብጽ የመጡ 16 የግራናይት ዓምዶች ቆመዋል። ቀና ብለው ዓምዱ ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቢመለከቱ፣ በነጭ እብነ በረድ የተቀረጸ፣ ጠርዙ የተሸነሸነ፣ ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈ ሰፊ ቅጠል በሁለት ረድፍ ተደርድሮ ያገኙታል። አካንቱስ ማለት እሱ ነው። ይህ ቅጠል ከሮም ተነሥቶ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በፍርድ ቤቶች፣ በባንኮችና በቤተ መንግሥቶች ግንባር ላይ እየተቀረጸ ዓለምን ዞሯል። አዲስ አበባም ገብቷል። ዛሬ በየሰፈሩ የሚሠሩ ቪላዎች በረንዳቸው ላይ የሚያቆሟቸው ከጂፕሰም የወጡ ባለ ቅጠል ዓምዶች የፓንቴዮን የልጅ ልጆች ናቸው። ሠሪውም አሠሪውም ቅጠሉ የምን ተክል እንደሆነ አይጠይቁም፤ ሻጩም ቢሆን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ተክሉ ራሱ ሮም ውስጥ ብርቅ አይደለም። በፓላቲን ኮረብታ ዳገት፣ በመናፈሻዎች ግንብ ሥር፣ በጥድና በወይራ ጥላ ውስጥ ማንም ሳይንከባከበው ይበቅላል። ቱሪስቱ ግን ካሜራውን ድንጋዩ ላይ አነጣጥሮ ቅጠሉን ረግጦት ያልፋል። ቀራጮቹም ቢሆኑ ከተክሉ የወሰዱት እኩሌታውን ነው፤ ቅጠሉን ወስደው ሰው የሚያህለውን የአበባ ዘንግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አበባው ሲረግፍ የሚመጣውን ፍሬ ትተውታል። ለእኔ ግን አካንቱስን ከሌላው የጓሮ አበባ የሚለየው ያ የተተወው ፍሬ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ደርቆ ለወራት ይቆያል፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ይፈነዳል።

ቅጠሉ እንዴት ድንጋይ ላይ እንደወጣ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ተራኪው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የኖረው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ ነው፤ ስለ ሕንጻ ጥበብ ከጻፋቸው 10 መጻሕፍት በአራተኛው ውስጥ ይገኛል። በቆሮንቶስ ከተማ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ታማ ሞተች። ሞግዚቷ ልጅቷ በሕይወቷ የምትወዳቸውን ጥቃቅን ዕቃዎች በቅርጫት ሰብስባ መቃብሯ ላይ አኖረች፤ ዝናብ እንዳያበላሸውም የጣሪያ ሸክላ ከደነችበት። ቅርጫቱ ያረፈው ሳይታወቅ የአካንቱስ ሥር ላይ ነበር። ጸደይ ሲገባ ሥሩ አቆጠቆጠ፤ ቅጠሎቹ በቅርጫቱ ዙሪያ ወደ ላይ ወጡ፤ ሸክላው ሲያግዳቸው ጫፋቸው ወደ ውጭ ተጠቀለለ። በዚያ ሲያልፍ ይህን ያየው ቀራጺው ካሊማኮስ ነው አሉ የቆሮንቶስን ዓምድ ያወጣው።

ታሪኩ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም፤ ሲያዩትም ከተረት የተጠጋ ነው። ያም ሆኖ የፈጠረው ሰው ተክሉን በደንብ ያውቀዋል። አካንቱስ ያለው የሌለው ኃይሉ ሥሩ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ጠፍቶ፣ ላዩ ላይ ዕቃ ተጭኖበት፣ ወቅቱን ጠብቆ ይነሣል። ሥሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል፤ ሲነቅሉት ተሰብሮ መሬት ውስጥ የቀረው ቁራጭ ሁሉ ለብቻው ተክል ይሆናል። ካሊማኮስ አደነቀው የተባለውን ነገር ብዙ አትክልተኛ በኋላ ይራገምበታል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ሮማውያን በድንጋይ ብቻ አልተወሰኑም፤ ተክሉንም አልምተውታል። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ሽማግሌው ፕሊኒዮስ፣ አካንቱስን የከተማና የአትክልት ሥፍራ ተክል ይለዋል፤ የመደቦችን ጠርዝ ለማልበስ ይተከል እንደነበር ጽፏል። እሾሃማና ለስላሳ ሁለት ዓይነት መኖሩን፣ የለስላሳው ሥር ለቃጠሎና ለወለምታ ይጠቅም እንደነበርም መዝግቧል። የእህቱ ልጅ ታናሹ ፕሊኒዮስ ደግሞ ከሮም በስተሰሜን በቲቤር ሸለቆ ላይ ስለነበረው የገጠር ቤቱ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋው አካንቱሱ ምን ያህል ለስላሳ እንደነበር እያደነቀ ያወራል። ስዊድናዊው ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ይህንኑ ለስላሳነት ይዞ አካንቱስ ሞሊስ አለው።

የሮም ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ ግን ተክሉን ከሥሩ አልቆረጠውም። በቲቤር ዳር የሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት የተመረቀው የአውግስጦስ የሰላም መሠዊያ በግድግዳው የታችኛው ክፍል ላይ አንድ ትልቅ አካንቱስ ከመሬት ሲነሣ ያሳያል። ከዚያ ጉቶ የሚወጣው ሐረግ እየተጠማዘዘ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ በየቅርንጫፉ ላይ ደግሞ በተፈጥሮ ከአካንቱስ ጋር የማይዛመዱ የብዙ ዓይነት ተክሎች አበቦች ይታያሉ። የሮማዋ የዕፅዋት ተመራማሪ ጁሊያ ካኔቫ እነዚህን አበቦች አንድ በአንድ ለይታ እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሐፍ አውጥታባቸዋለች። ከአንድ ሥር ሁሉም ይበቅላል የሚለው ሐሳብ የንጉሥ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ሰላም ከእኔ ሥር ይበቅላል ማለቱ ነው። ለዚህ ሥራ በቀላሉ የማይሞት ሥር ያለው ተክል መመረጡ ግን የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። የአካንቱስ ዓመት ለደገኛ ኢትዮጵያዊ የተገለበጠ ነው። ሮም ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ ዝናቡ ጠንከር ብሎ የሚመጣው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ምድር በምትለመልምበት ክረምት አካንቱስ ቅጠሉን አድርቆ ይተኛል፤ እኛ ሰብል በምናጭድበት ወራት ደግሞ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ብርዱን በለምለምነት ያሳልፋል። ጠንከር ያለ ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ መሬት ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይቆማል፤ ባይቆምም ሥሩ ሌላ ይተካል። አንዱ ቅጠል ብቻ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ከቅጠሉ መሐል ቀጥ ያለ ዘንግ ይነሣል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ አበባው በዘንጉ ዙሪያ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይከፈታል።

አበባው ሲያዩት አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል፤ በእርግጥም ጎድሎታል። እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቹ የላይና የታች ከንፈር የለውም፤ ያለው ሐምራዊ ሥር የተሰመረበት ነጭ የታችኛው ከንፈር ብቻ ነው። በላይኛው ፈንታ ሐምራዊ ቆብ ተደፍቶበታል። ይህ ቆብ የአበባው ውጫዊ ሽፋን አካል ነው፤ አበባው ከረገፈ በኋላም አይወድቅም። ከሥሩ ደግሞ ጫፉ እሾህ የሆነ ትንሽ ቅጠል ይደግፈዋል። ከቆቡ ሥር አራት ጠንካራ ወንዴ ዘንጎች ተጠጋግተው በር ይዘጋሉ፤ ጫፋቸው እንደ ብሩሽ ጠጉራም ነው። ትንሽ ነፍሳት ገፍቶ መግባት አይችልም። የሚገቡት ጉልበት ያላቸው ትልልቅ ንቦች ናቸው፤ ለምሳሌ እንጨት በስታ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ። እሷ ወለላውን ፍለጋ ዘንጎቹን ስታራርቅ ጀርባዋ ላይ የአበባ ዱቄት ይራገፋል፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች።

ንቧ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ነጩ ከንፈር ይወድቃል፤ ቆቡና እሾሃማው ቅጠል ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ፍሬው ማበጥ ይጀምራል። ለስላሳ፣ አንጸባራቂ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ በኋላ ቡናማ የሚሆን፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ሞላላ ፍሬ ነው። ሐምራዊው ቆብ ከላይ፣ ጥቁር ቡናማው ፍሬ ከሥር ሆነው በዘንጉ ላይ በረድፍ ሲደረደሩ ከአበባው ጊዜ ይልቅ ያምራሉ ብል ብዙ የአበባ ነጋዴ አይቃወመኝም። ፍሬው ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ ዘሩ ቢበዛ 4 ነው። እያንዳንዱ ዘር ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ጠፍጣፋና ከባድ ነው። ነፋስ አያነሣውም፤ ክንፍ የለውም። ወፍን የሚስብ ጣፋጭ ሥጋም አልለበሰም። እናቱ ሥር ቢወድቅ ደግሞ ያ ሰፊ ቅጠል ብርሃን ይከለክለዋል። ታዲያ እንዴት ይሄዳል?

መልሱን ካገኙት ሰዎች አንዱ ያገኘው ተኝቶ ሳለ ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ዮሐን ቮልፍጋንግ ፎን ጎተ እ.ኤ.አ. በ1786 መጸው ከሥራውና ከዝናው ሸሽቶ ሮም ገባ። እንዳይታወቅም ሠዓሊ ነኝ እያለ በሐሰት ስም ይዘዋወር ነበር። የኖረበት ቤት በኮርሶ ጎዳና ቁጥር 18 ዛሬ ሙዚየም ነው። ጎተን በጣሊያን ጉዞው ከሥዕልና ከፍርስራሽ እኩል ያሳበደው ተክል ነበር። የጥድ ፍሬ እያበቀለ ቡቃያውን ይከታተላል፤ የተምር ፍሬ ይተክላል፤ የቁልቋል ዘር ይዘራል። በሁለተኛው የሮም ቆይታው ዘመን አንድ ቀን የአካንቱስ ፍሬዎች ለቅሞ ወደ ቤቱ አመጣና ክፍት ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ከዚያ በአንዱ ሌሊት አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማ፤ ወዲያው ጥቃቅን ነገሮች ጣሪያውንና ግድግዳውን ሲመቱ ተሰማው። ወዲያው አልገባውም። በኋላ ሲያይ ፍሬዎቹ ተሰንጥቀው ዘሮቻቸው በክፍሉ ተበትነዋል። የክፍሉ ድርቀት ፍሬውን ለዚህ እንዳበቃው ጽፏል። ጎተ እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ተክሎች የቅርጽ ለውጥ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ በዕፅዋት ጥናት ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። እኔ ግን ከዚያ መጽሐፍ ይልቅ ጨለማ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን የሚያዳምጠው ጎተ ይበልጥ ይስበኛል።

ጎተ የሰማው ድምፅ ከሕያው ጡንቻ የመጣ አይደለም፤ የሞተ ቅርፊት ነው የሠራው። የፍሬው ግድግዳ እንደ እንጨት የጠነከሩ ቃጫዎች በንብርብር የተደረደሩበት ነው። ፍሬው ሲደርቅ ንብርብሮቹ እኩል አይሸበሸቡም፤ አንዱ አብዝቶ ያጥራል፣ ሌላው እምብዛም። በዚህ ምክንያት ሁለቱ የፍሬው ግማሾች ወደ ውጭ መታጠፍ ይፈልጋሉ፤ ሆኖም ዳር ለዳር ተጣብቀዋልና አይችሉም። ድርቀቱ በጨመረ ቁጥር ውጥረቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ሲጀምር መጋጠሚያው በሙሉ በአንዴ ይለቃል፤ ግማሾቹ በኃይል ይላቀቃሉ። በእያንዳንዱ ዘር ሥር ደግሞ ከግድግዳው የበቀለ ጠንካራ መንጠቆ አለ። ግድግዳው ሲፈናጠር መንጠቆው ዘሩን ከሥር መትቶ ያስወነጭፈዋል፤ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማው ላይ ቆሞ ድንጋይ እንደሚወነጭፈው ማለት ነው። ዘሩ ከእናቱ ቅጠል ጥላ አልፎ ጥቂት ሜትሮች ይሄዳል።

ይህ መንጠቆ የአካንቱስ የብቻው ሀብት አይደለም። ወደ 4,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት የአካንቱስ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚታወቀው በዚሁ ነው። ስለዚህ በገጠራችን የአጥር ተክል የሆነው ነጭ አበባ ያለው ሰንሰል፣ አንዳንዶች ስሚዛ የሚሉት፣ የዚህ የሮም ዓምድ ዘመድ ነው። የደረቀ የሰንሰል ፍሬ ሰንጥቆ ውስጡን ያየ ሰው መንጠቆዎቹን በትንሹ ያገኛቸዋል።

አካንቱስን ማሳደግ የሚፈልግ አንባቢ ሦስት መንገድ አለው፤ ሁሉም ቀላል ነው። ዘር ካገኘ አዲሱን ዘር ይዝራ፤ ብዙ የከረመ ዘር ይሰንፋል። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ በእያንዳንዱ ማሰሮ አንድ አንድ ዘር በቂ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ተደርጎ ይቀበራል፤ አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ አይጨቅይ። ሞቅ ባለ ቦታ በጥቂት ሳምንታት ይበቅላል። አበባ ለማየት ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል። መቸኮል የሚወድ ሰው ሥር ቆርጦ ይትከል፤ ተክሉ በእንቅልፍ ላይ ባለበት ወቅት እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ሥር እንደ ጣት ርዝመት እየተቆረጠ ይቀበራል። ሦስተኛው የቆየውን ጉቶ መክፈል ነው፤ ሮም ውስጥ ይህ የሚደረገው የመጸው ዝናብ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ቦታ ሲመርጡ ዛፍ ሥር ያለ ከፊል ጥላ ለቅጠሉ ይስማማል፤ ሙሉ ጥላ ከሆነ ግን አበባው ይሳሳል። ፀሐይ በበዛ ቁጥር የአበባ ዘንግ ይበዛል፤ ውሃ ካላገኘ ግን ቅጠሉ ቀን ቀን ይጠወልጋል። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ይሁን እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፦ በለጋነቱ የሚበሳሱት ቀንድ አውጣዎችና በጸደይ መጨረሻ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስለው ነጭ ሻጋታ። ለሻጋታው ከመድኃኒት ይልቅ የታመመውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ይሻላል፤ ሥሩ ይተካዋል።

ቀደም ብዬ ያነሣሁት ርግማን እዚህ ላይ ይመጣል። አካንቱስን አንዴ ከተከሉት ማንሣት ከባድ ነው። ቦታው ተቆፍሮ ጸድቷል ተብሎ ሌላ አበባ ከተተከለ በኋላ በመሐሉ ቅጠሉ ብቅ ይላል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ አንዳንድ ቦታዎች ከጓሮ አምልጦ አረም ተብሏል። ስለዚህ ከመትከሉ በፊት ይታሰብበት፤ በግንብና በእግር መንገድ መካከል ያለ ጠባብ መደብ ይበቃዋል። የጎረቤት አጥር ሥር አይትከሉት።

ፍሬውን ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ዘንጉን ይቁረጥ፤ ጊዜው የታችኞቹ ፍሬዎች ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጥ ሲጀምሩ ነው። ጓንት ያስፈልጋል፤ ከአበባው ሥር ያለው ትንሽ ቅጠል ይወጋል። ዘንጎቹ ተገልብጠው ነፋሻማ ጥላ ውስጥ ይሰቀላሉ። ሲደርቁ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ይፈነዳሉና ዘሩን የሚፈልግ ሰው ዘንጉን በወረቀት ከረጢት ይሸፍን፤ ላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ያሻግታል። ከፈነዱ በኋላ የሚቀሩት ወደ ኋላ የተቆለመሙ ቅርፊቶችና ቀለማቸው የደበዘዘው ቆቦች ናቸው፤ አበባ የሚደረድሩ ሰዎች ለዓመት የሚያቆዩት ይህንን ነው። ሳይፈነዱ እንዲቆዩለት የሚፈልግ ሰው በአረንጓዴነታቸው ቆርጦ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያድርቃቸው፤ ያም ሆኖ ከምድጃ አጠገብ ካኖራቸው የጎተ ሌሊት ይደርስበታል።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ላይ የዚህ የሮም አበባ የቅርብ ዘመድ አለ፤ ከዚህ ደጋ ውጭ በዱር የትም አይበቅልም። ኮሸሽላ ነው፤ በኦሮምኛ ሶኮሩ ይባላል። ስሙ ለሌሎች እሾሃማ ተክሎችም ይሰጣልና እዚህ የምናገረው በመናገሻ ደንና በእንጦጦ አካባቢ በዱካ ዳር ስለሚታየው፣ ከሰው በላይ ሊረዝም ስለሚችለው፣ ቅጠሉ አንጸባራቂና ጠርዙ እሾህ ስለሆነው፣ አበባው ቀይ ስለሆነው ቁጥቋጦ ነው። አበባውን ሲያዩት ያው ነው፤ የላይኛው ከንፈር የለም፣ የታችኛው ብቻ ተዘርግቷል። ቀለሙ ግን ጎብኚውን ይነግራል፤ ጠማማ ረጅም ምንቃር ያላቸው አበባ መጣጭ ወፎች አይለዩትም። እንስሳት እሾሁን ፈርተው አይበሉትም፤ በዚህም የተነሣ ከብት አብዝቶ በጋጠው መሬት ላይ እሱ ይስፋፋል። ገበሬው እንደ ችግር የሚያየው ለዚህ ነው።

ይህ ተክል ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በሮም ነው። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1871 እዚያው ሮም የተወለደው የዕፅዋት ሊቅ ኤሚሊዮ ኪዮቬንዳ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ቀንድ በጣሊያኖች ተሰብስበው የሄዱ የደረቁ ናሙናዎችን ሲመረምር ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። የቅኝ ግዛት ናሙናዎች ማከማቻው እ.ኤ.አ. በ1904 ሮም ላይ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ፍሎረንስ ተዛወረ። ኮሸሽላን ኪዮቬንዳ አካንቱስ ሴኒ አለው፤ ሎሬንዞ ሴኒ ለተባለ ጣሊያናዊ የደን ባለሙያ መታሰቢያ። ጽሑፉ የወጣው በሞሶሎኒ ዘመን በተቋቋመው የኢጣሊያ ንጉሣዊ አካዳሚ መጽሔት፣ በወረራው ማብቂያ ላይ ነው። ኪዮቬንዳ የሞተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀር ነው።

የአካዳሚው መቀመጫ በትራስቴቬሬ የሚገኘው ቪላ ፋርኔዚና ነበር። ይህ ቤት ራሱ የተክል መዝገብ ነው ማለት ይቻላል፤ የራፋኤል ባልደረባ ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሪያውን በፍራፍሬና በአበባ ሲያለብስ፣ ያኔ ከአሜሪካ ገና የመጣውን በቆሎ ሳይቀር ሥሎበታል። ከመንገዱ ማዶ ኮርሲኒ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከጀርባው የሮም የዕፅዋት ማእከል፣ 12 ሄክታር የሆነ የሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ አትክልት ሥፍራ፣ በጃኒኮሎ ኮረብታ ተዳፋት ላይ ተዘርግቷል። ሮም የሚኖር ወገን አካንቱስን በድንጋይ ሳይሆን በመሬት ለማየት ከፈለገ እዚያ ይሂድ፤ አበባውን በግንቦትና በሰኔ፣ ፍሬውን በሐምሌ ያገኛል።

የዘመኑ መገጣጠም ይገርመኛል። የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ ተወስዶ በሮም የቆመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1938፣ ሞሶሎኒ ከመሬት የወጣውን የአውግስጦስን የሰላም መሠዊያ ከነአካንቱሱ ገጣጥሞ አስመረቀ። ሌላ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የደጋችን አካንቱስ የጣሊያናዊ ስም ተሰጠው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። የተክል ስም ግን በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት መጀመሪያ የወጣው ስም ይጸናልና አይመለስም። ይህ ማለት ዕውቀቱም እዚያው ቀረ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተከታታይ መጽሐፍ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውን የአካንቱስ ቤተሰብ ክፍል የጻፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ ናቸው።

በውጭ አገር ብርቅዬ ተክል የሚሰበስቡ አትክልተኞች ኮሸሽላን ፈልገው ዘሩን ገዝተው ያሳድጉታል፤ ቀይ አካንቱስ በሌላው ዓለም ብዙም የለምና። በእኛ ዘንድ ነገሩ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሆኗል። ለግቢያችን ከውጭ የመጣ አበባ በውድ ገዝተን እንተክላለን፤ ኮሸሽላን ነቅለን እናቃጥላለን። በአጥር ላይ ያለ ጥቅሙን ብቻ እንኳ ብናስብ፣ ሽቦ የማይፈልግ፣ ከብት የማይደፍረው፣ ወፍ የሚጠራ፣ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ የሆነ አጥር ነው። ጉዳቱም አይካድ፤ ልጆች በሚሮጡበት ጠባብ ግቢ መሐል አይተከልም፤ እንዳይስፋፋም በየዓመቱ መገረዝ አለበት።

ሞክሮ ለማየት የፈለገ ሰው አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬው ሲጠቁር ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጎ ዘንጉን በወረቀት ከረጢት ይሸፍን፤ በደረቅ ቀን ፍሬው ራሱ ዘሩን ከረጢቱ ውስጥ ይጥልለታል። በግንቦት መጨረሻ በማሰሮ ዘርቶ ክረምቱ ሲገባ በአጥሩ ዳር፣ በአንድ ሜትር ርቀት ያሳርፈው። ዘሩን ሮም ላለ ዘመድ ልላክ የሚል ግን አስቀድሞ ይወቅ፦ የአገር ጄኔቲክ ሀብትን ወደ ውጭ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።